ሹፌሯ በሰው እጅ

ጭኔ የተሰበረው ሐረጎ ዳገት ላይ ነው። በደርግ ጊዜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለመውጣት አውቶቡስ መጠበቅ ግማሽ ቀን ይፈጅ ስለነበር፣ በቆሎ የጫነ መኪና ለምኜ ከጆንያው አናት ላይ ተቀመጥኩ። አንዱ መጠምዘዣ ላይ የበግ መንጋ መንገዱን ዘጋው። ሾፌሩ መሪውን ሲጠመዝዝ እኔ ቁልቁል ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ሰማዩን ብቻ ነው። እግሬ ከእኔ ተለይቶ ሌላ ቦታ የተኛ መስሎኝ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፋብሪካ ገብቼ ክር ማጠንጠን ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ደሴ ወስደው ሆስፒታል አስተኙኝና እግሬን በገመድ ሰቀሉት፤ በገመዱ ጫፍ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ተንጠለጠለበት። ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ከረጢቱን በጣቱ ነካ አድርጎ፣

«ይሄ እስኪወርድ አንቺም ከዚህ አልጋ አትወርጂም» አለኝ።

«ስንት ቀን ነው?»

«ቀኑን ተዪው። ዘጠኝ ሳምንት ቁጠሪ።»

ዘጠኝ ሳምንት በጀርባ ተንጋሎ መኖር ምን እንደሆነ ያልቀመሰው አያውቀውም። መገላበጥ የለም። ሰው ሲያናድድ ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ትልቅ ነፃነት መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እኔ የመጣውን ሁሉ ፊት ለፊት መቀበል ነበረብኝ፤ ፖፖውንም፣ ሐኪሙንም፣ ጠያቂውንም።

ክፍላችን አራት አልጋ ነበረው። በስተቀኜ የጂኦግራፊ አስተማሪ ተኝታለች። የጀርባ አጥንቷ ታሞ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ በጀሶ ታሽጋለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሁላችንም «ቲቸር» እንላት ነበር። ፊት ለፊቴ ከቦሩ ሜዳ ገጠር የመጡ ሙስሊም ባልቴት ነበሩ፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተቀድደው በፋሻ ታስረዋል። እሳቸውን «እማማ» አልናቸው። ከሦስታችን በእግራቸው መሄድ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ የሚያዩት ግን የለም። አራተኛው አልጋ ባዶ ነበር።

ጨዋታውን ያመጣችው ቲቸር ናት። ወንድሟ እንዳይሰለቻት ብሎ ሉዶ ይዞላት መጣ። ሉዶ ግን ለተንጋለለ ሰው አይሆንም፤ ሰሌዳው ደረታችን ላይ ሲቀመጥ መጫወቻዎቹ ሁሉ አንሶላው ውስጥ ይገባሉ። ቲቸር ሦስት ቀን ከታገለች በኋላ ሰሌዳውን ወርውራ፣ ነጠብጣብ ያለባትን ባለ ስድስት ገጽ ጠጠር ብቻ አስቀረች።

«እንግዲያው በአፋችን እንጫወታለን» አለች። «እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንፈጥራለን። መንገዱን እኔ እናገራለሁ፣ እናንተ ሰዋችሁ ምን እንደሚያደርግ ትነግሩኛላችሁ። ይሳካለት አይሳካለት ጠጠሯ ትፈርዳለች።»

ስሙን «ሰው ማስኬድ» አልነው። ከምሳ በኋላ ጠያቂ እስኪገባ ድረስ ሰው ስናስኬድ እንውላለን። ጠጠሯን በቆርቆሮ ክዳን ላይ እንወረውራለን፤ ክዳኑን ካልጋ አልጋ የሚያዞሩት እማማ ናቸው። የጠጠሯ ነጠብጣቦች የተቦረቦሩ ስለነበሩ በጣታቸው ዳስሰው «አራት»፣ «ሁለት» ይሉናል። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

«የእኔ ሰው ወንድ ነው» አሉ እማማ በመጀመሪያው ቀን። «ሴትነቱን ስድሳ ዓመት አይቼዋለሁ።» ሰውዬአቸው የበቅሎ ነጋዴ ሆነ። ጨዋታው በደራበት ሰዓት፣ «ቆይ፣ ሶላት ደርሶበታል፣ ይስገድ» ይሉና ሁላችንም ነጋዴው ሰግዶ እስኪነሳ እንጠብቃለን።

የእኔዋ የከባድ መኪና ሹፌር ነበረች። ያን ጊዜ እንዲህ ያለች ሴት አይቼም ሰምቼም አላውቅም፤ ግን ከመኪና ላይ ለወደቀ ሰው መሪ ከመያዝ የበለጠ ምን ያምረዋል? ከአሰብ ጨው ጭና፣ በባቲ አድርጋ ኮምቦልቻ ትገባለች። ቲቸር እንደ አስተማሪነቷ ጥያቄ ታበዛለች።

«ምን ትፈራለች? ማን ዘመድ አላት? ሲደክማት የት ታርፋለች? ሰውሽን ካላወቅሻት አትሄድልሽም።»

እኔም የማውቀውን ሰጠኋት። ስህተቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ቤተሰቤ ጴንጤ ነው። አዳራሻችን ከታሸገ ቆይቷል፤ የምንጸልየው በየሰው ቤት፣ አምስትም ስድስትም እየሆንን ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ የምትኖር ባልቴት ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ዘንድ እንሰበሰባለን። ቅዳሜ ወፍጮው ከጧት ጀምሮ ስለሚያጓራ መዝሙሩን ይውጠዋል። ቲቸር «የት ታርፋለች?» ስትለኝ ያ ቤት አፌ ላይ መጣ።

«ከወፍጮ ቤት ጀርባ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ አለ። ውስጡ የኒም ዛፍ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ታርፋለች።»

ስለ ጸሎቱ ትንፍሽ አላልኩም። ስለ በሩና ስለ ዛፉ ግን ደጋግሜ አወራሁ፤ ቤቴ ናፍቆኝ ነበርና ማውራቱ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ቲቸር አዲስ ደንብ አወጣች። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አንድ ከወጣበት፣ ሰውዬው ከእጁ ይወጣና ተራ በደረሳት ሰው እጅ ይገባል። ባለቤቱ ስድስት እስኪጥል ድረስ ሌላዋ እንደፈለገች ታዝዘዋለች። መጀመሪያ የወደቀው የእማማ ነጋዴ ነበር፣ በእኔ እጅ። ሠርግ ቤት አስገብቼ እስክስታ አስመታሁት። እማማ ፋሻቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ያረቢ! ቁጭ በል አንተ ሰውዬ፣ አዋረድኸኝ!» እያሉ ሲስቁ ነርሷ መጥታ ዓይንዎ ይጎዳል ብላ ተቆጣችን።

አራተኛው አልጋ የተያዘው በዚያ ሰሞን ነው። ሆዷን የተቀደደች፣ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ነበረች። ያለ መጠየቂያ ሰዓት ካኪ የለበሱ ሰዎች ይጎበኟታል፤ ዘበኛውም አያስቆማቸውም። ነርሷ «ጓድ» ትላታለች። ከቀበሌ መሆኗን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገንም። ሐሰት መናገር አልፈልግም፤ ደግ ሴት ነበረች። ብርቱካኗን ለሁላችንም ታካፍላለች፣ ለእማማም ልጣ በእጃቸው ታስይዛቸዋለች። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ስንጫወት ዓይኗን ጨፍና ትተኛለች። ለካ አልተኛችም።

በአምስተኛው ቀን፣ «እኔንም አስገቡኝ እንጂ» አለች።

«ሰውዎ ምን ይሁን?» አለቻት ቲቸር።

«ኬላ ላይ ትሁንልኝ። ቁጭ ብላ አላፊ አግዳሚውን የምታይ።»

ሳቅን። ሌላ ምን እናደርጋለን?

አንድ ማክሰኞ እማማ ክዳኑን ደረቴ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ጣልኩ። ዳሰሱና «አንድ» አሉ። እንደገና ጣልኩ። ይህንንም ዳስሰው፣ «አንድ ነው ልጄ» አሉኝ። ተራው የአራተኛዋ አልጋ ነበር።

«እንግዲህ ሹፌሯ የእኔ ናት» አለች ሴትዮዋ። ትራሷን አስተካክላ ቀና አለች። «ቅዳሜ ነው እንበል። የጫነችውን ጨው አራግፋለች። ወደዚያ ወደምታርፍበት ቤት፣ ከወፍጮው ጀርባ ወዳለው፣ ትሄዳለች። መኪናዋን ግን ራቅ አድርጋ ታቆማለች። በሩንም አታንኳኳም። ቆማ ታዳምጣለች። ቲቸር፣ ምን ትሰማለች?»

ቲቸር ስለ ቤቱ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ግን ወደ እኔ አየችና ፊቴ ላይ አንድ ነገር ሳታነብ አልቀረችም።

«ወፍጮ ነው የምትሰማው» አለች።

«ከወፍጮው ድምፅ በታችስ?»

«ምንም የለም።»

«እሱንማ ጠጠሯ ትንገረን» አለችና ጣለች። እማማ ዳሰሱ። «ስድስት» አሉ፤ ያኔ እሳቸውም ምን እየሆነ እንዳለ አልገባቸውም ነበር።

«ስለዚህ አለ» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ አንገቷን ወደ እኔ አዞረች። «ምን እንዳለ ደግሞ ቤቱን የምታውቀው ትንገረን።»

«አልጫወትም» ብል እየጠቆምኩ ነው። ዝም ብልም እየጠቆምኩ ነው። ተነስቼ ልውጣ እንዳልል እግሬ እንደ ሙክት ተሰቅሏል። እንደምንም ሳቅሁ።

«ሠርግ ነው» አልኩ።

«በየቅዳሜው ሠርግ?»

«ባለቤትየዋ ልጆች ይበዙባታል።»

እሷም ሳቀች። «ይሁን። ሹፌሯ ግን ሠርጉ አላማራትም። ወደ ቀበሌ ሄዳ ታመለክታለች።»

«የእኔ ሹፌር እንደዚያ አታደርግም!»

ድምፄ ከልኩ በላይ ወጣ። ሴትዮዋ ብርቱካን እየላጠች ነበር፤ እጇ ቆመ።

«አሁን የአንቺ አይደለችማ» አለችኝ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። «ጨዋታ አይደለም እንዴ? ምን ሆንሽ?»

ያን ዕለትና በማግስቱ በተራዬ ሁሉ ጣልኩ። ሁለት፣ አምስት፣ ሦስት። ስድስት እምቢ አለ። በየተራዋ ሹፌሯን ትንሽ ትንሽ ታራምዳታለች፤ ስንት ሰው እንደገባ ታስቆጥራታለች፣ ማን መጽሐፍ በነጠላው ሸፍኖ እንደያዘ ታሳያታለች። የራሴ ሹፌር፣ በየቀኑ አልብሼ መሪ ያስጨበጥኳት ሴት፣ የወዳጆቼን ደጅ ስትሰልል ተንጋልዬ አዳመጥኩ። ከሁሉ የከፋብኝ ሹፌሯ ይህን ሁሉ ስታደርግ እውነተኛ ሰው መምሰሏ ነበር። ሴትዮዋ ጨዋታ ታውቅበታለች።

ረቡዕ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች፤ ከኮምቦልቻ የምትመጣው ረቡዕና እሑድ ብቻ ነበር። ገና ከበሩ «ጌታ ይመስገን፣ እንዴት አደርሽ ልጄ?» ስትል የአራተኛዋ አልጋ ዓይኖች ተከፈቱ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ጽፌ እንዳልሰጣት። ጆሮዋ ላይ እንዳላንሾካሹክ አራት ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ሰው ተኝቷል። መላ ያገኘሁ መሰለኝና፣

«እማዬ፣ ሹፌሯ ቅዳሜ እንዳትሄድ በያት» አልኳት።

«የትኛዋ ሹፌር?»

«ታውቂያታለሽ። የምታርፍበት ቤት እንዳትሄድ። ማንም እንዳይሄድ።»

እናቴ ግንባሬን በመዳፏ ነካች። ፊቷ ተለወጠ። «ነርስ! ነርስ! ልጄ ትቃዣለች!» ብላ ጮኸች። ነርሷ ሮጣ መጥታ ቴርሞሜትር ከምላሴ ሥር ከተተችና «አፍሽን ግጠሚ» አለችኝ። አፌን ገጥሜ፣ እናቴ እያለቀሰች፣ የመጠየቂያው ሰዓት አለቀ።

ሐሙስ እንደገና ተራዬ ደረሰ። እማማ ክዳኑን ይዘው መጡ። በዚህ ጊዜ እሳቸውም ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ዓይን የሌለው ሰው የሰውን ትንፋሽ ይሰማል። ጣልኩ። ክዳኑ ከፊቴ አንድ ስንዝር ላይ ስለነበር አየሁት፤ ሦስት ነው። እማማ ጣታቸውን አሳረፉበት። አነሱ። እንደገና አሳረፉ።

«ስድስት» አሉ።



«በደንብ ዳሰሱት እማማ?» አለች ሴትዮዋ ከአልጋዋ።

«ዳስሻለሁ።»

«እስቲ ወላሂ ይበሉ።»

እማማ ቀጥ ብለው ቆሙ። ፋሻቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «በጨዋታ የአላህን ስም አልጠራም» አሉ፤ ጠጠሯንም በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሯት። ሴትዮዋ ተነስታ ልታይ አትችልም፤ የተሰፋው ሆዷ አያስነሳትም። ያን ቀን እሷም ታስራ ነበር።

እማማ ብርድ ልብሴን የሚያስተካክሉ መስለው ጎንበስ አሉና፣ «አብሽሪ ልጄ። ሹፌርሽን ወደ አሰብ መልሻት» አሉኝ።

«ሹፌሯ መኪናዋን አዙራለች» አልኩ ጮክ ብዬ። «ወደ አሰብ ትመለሳለች። ኮምቦልቻ ሁለተኛ አትገባም።»

ሹፌሬ ተመለሰችልኝ። ቤቱ ግን ያው እዚያው ነበር፣ በሩም ያው ሰማያዊ።

ዓርብ ሴትዮዋ ወጣች። ሁለት ካኪ ለባሾች ደግፈው ሲወስዷት በአልጋዬ በኩል አለፈችና እጄን ነካ አደረገች። «ቶሎ ተነሺ እሺ? ጨዋታሽን ወድጄዋለሁ።» እስከ ዛሬ ምን ማለቷ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

በዚያው ከሰዓት የቲቸር ወንድም መጣ። ደህና ልጅ ነበር። ኮምቦልቻ ሂድና እንዲህ ካለ ቤት እንዲህ ብለህ ንገር ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ለእሱ መናገር ቤቱን ለሌላ ለማላውቀው ሰው መንገር ነው። ለአንዷ ተናግሬ ያመጣሁት ጣጣ አልበቃ ብሎ? አፌን መልሼ ዘጋሁ። ልጁ ሙዝ ሰጥቶን ሄደ። ያን ዝምታ ከማንኛውም ነገር በላይ ሳስበው ኖሬአለሁ።

እሑድ እናቴ ምሳ ሳትይዝ መጣች። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ከንፈሯን እምብዛም ሳታንቀሳቅስ ነገረችኝ። ትናንት ወፍጮው እያጓራ ሳለ የቀበሌ ሰዎች መጡ። የቤቱን ባለቤት ባልቴቷንና አራት ሰዎችን ወሰዱ።

ቲቸር ከጎኔ ሆና ሰማች። እናቴ ከሄደች በኋላ ሁሉን አወጣሁላት። ጀሶው ስለማያስጎነብሳት እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይፈስ ነበር። «ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች ደጋግማ። ጠጠሯን እማማ እንደቋጠሯት ቀረች፤ ሁለተኛ ሰው አላስኬድንም።

የእማማ ፋሻ ሲፈታ አንደኛው ዓይናቸው በራ። መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን። አፍጥጠው አዩኝና፣ «ይቺው ነሽ? ድምፅሽ ወፍራም ስለሆነ ትልቅ ሴት መስለሽኝ ነበር። ልጅ ነሽ እኮ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት በምርኩዝ ወጣሁ። አንድ እግሬ አጥሯል። ፋብሪካው ቁጭ ብለው ወደሚሠሩበት ክፍል አዛወረኝ።

ባልቴቷ የተፈታችው ከአራት ወር በኋላ ነው። እግሯ አብጦ ነበር፣ ከፊት ጥርሶቿም አንዱ የለም። በሦስተኛው ቀን ሄጄ ከፊቷ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሉዶውን፣ ሹፌሯን፣ በሩን፣ ስድስቱን። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«እዚያ ሆኜ ሁሉንም ሰው ጠርጥሬአለሁ» አለች በመጨረሻ። «የእህቴን ባል ጠርጥሬአለሁ። የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ጠርጥሬ፣ ከወጣሁ ወዲህ ሰላም ሲለኝ ዘግቼዋለሁ። አንቺን ግን ‹እሷስ ሆስፒታል ናት› ብዬ ከቆጠራው አወጣሁሽ።»

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ መሆንሽን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ሴትዮዋ የደሴ ናት። ሌላም ሰው ነግሯቸው ሊሆን ይችላል። አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለች። ግድግዳ ተደግፋ ተነሳች። «ነይ ያዢኝ።»

እኔ በምርኩዜ፣ እሷ በእኔ ትከሻ፣ አንካሳና አንካሳ ሆነን ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድን። ሰውዬው ዱቄት ለብሶ በር ላይ ቆሟል። ባልቴቷ እጇን ዘረጋችለትና፣ «እንደምን ዋልክ ወንድሜ? ሰላምታህን ሳልመልስ ቀርቼ ነበር» አለችው። እሱ እጁን በሱሪው ጠርጎ ጨበጣት። ምን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ ያን ጊዜ ሰው ብዙ አይጠይቅም።

ሴትዮዋን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አይቻታለሁ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ። ሽንኩርት ስትመርጥ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሕዝቡ ከኋላም ከፊትም ጠቅጥቆኝ መላወሻ አልነበረኝም።

«እግርሽ ዳነ?» አለችኝ፣ ከልቧ ደስ ያላት ትመስላለች።

«እግዜር ይመስገን።»

«እሰይ።» ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ልጠይቃት ይገባኝ ነበር፤ አልጠየቅኋትም። ሰዉ ገፍቶ አሳለፈኝ።

ከዚያ ወዲያ ከጸሎቱ ራቅሁ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ እግሬን አመካኝቼ እቀራለሁ። እውነቱ ግን አፌን መፍራቴ ነበር፤ የማላውቀውን ቤት ማንም ከእኔ ሊያወጣው አይችልም። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሆኜ ከረምኩ። አንድ ቅዳሜ እናቴ ምርኩዜን አቀበለችኝና፣ «በይ ተነሺ» አለች። ተከትያት ሄድኩ። አንገቴን ደፍቼ፣ ዓይኔን ከእሷ ተረከዝ ሳላነሳ፣ በየት በኩል እንደታጠፍን ሳላይ አንድ ቤት ገባን። በሩ ምን ቀለም እንደሆነ አላየሁም። ጥግ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከአጠገቤ ያለችውም ሴት ቦታ ለቀቀችልኝ። የማን ቤት እንደሆነ አልጠየቅኩም።